ከካምፓስ ወጣሁ፣ ሥራው ገና ነው፣ መድን የለኝም፤ አስሜን ይዤ ምን ልሁን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ኮምቦልቻ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተምራ ሰኔ ላይ ተመርቃለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት፤ መድኃኒቷንም እስክትመረቅ ድረስ ከካምፓሱ ክሊኒክ ነበር የምትወስደው። ወላጆቿ ተሁለደሬ ወረዳ የሚኖሩ ገበሬዎችና የጤና መድን አባላት ናቸው፤ የእሷ ስም ግን ደብተራቸው ላይ የለም። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ከጥቅምት 3 ጀምሮ ሊቀጥራት ተስማምቶ፣ «ሕክምና የምንሸፍነው ከሙከራ ጊዜ በኋላ ነው» ብሏታል። አሁን ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ በእጇ ያለው አንድ ሊያልቅ የደረሰ ፓፍ (በአፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒት) ብቻ ነው። «አባቴ ደብተር ላይ ልግባ? የግል መድን ልግዛ? ወይስ ሥራው እስኪጸና ዝም ብዬ ልጠብቅ?» ትላለች።

እህቴ፣ አብሽሪ፤ መላ አለው። ዝም ብሎ መጠበቁ ግን አይሆንም። አስም ያለበት ሰው ያለ መድኃኒት ሦስት ወር ሲቆይ ሕመሙ ሊነሣበት ይችላል፤ አንቺ ደግሞ በዚህ መሀል አዲስ ሥራ ትጀምሪያለሽ።

በመጀመሪያ ክፍተቱ ስንት ቀን እንደሆነ እንወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። የሥራ ቀን ሲባል የዕረፍት ቀንና የሕዝብ በዓል አይቆጠርም። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠሪ ከሆነ 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው፤ ጥቅምት 3 ብትጀምሪ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ይሞላል። ስለዚህ ሽፋን የሌለሽ ከዛሬ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከነገ ጀምሮ የሚሠራ መድን የሚሰጥሽ አካል አይኖርም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ። ክፍተቱን የምትሻገሪው በመድን ሳይሆን በእጅሽ በሚኖር መድኃኒት፣ በሕክምና ወረቀትና በጤና ጣቢያ ካርድ ነው። መድኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከወረቀቱ ጀምሪ። የካምፓስ መታወቂያሽን ለክሊራንስ ካስረከብሽ በኋላ ክሊኒኩ ሊያክምሽ አይገደድም፤ የሕክምና ታሪክሽ ግን አሁንም እዚያው አለ። ሄደሽ ማጠቃለያ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ፦ በሽታው መቼ እንደታወቀ፣ የምትወስጃቸው መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ መጨረሻ መቼ እንደባሰብሽ፣ ተኝተሽ ታክመሽ ከሆነም መቼ እንደሆነ። ፊርማና ማኅተም ይኑረው። ይህ ወረቀት ከሌለ አዲሱ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል፤ ለምርመራ እንደገና ትከፍያለሽ፣ መጠኑም እንደገና በሙከራ ይወሰንልሻል። ብዙ ተመራቂዎች ዲግሪያቸውን ብቻ ተቀብለው ይወጣሉና ይህን የሚያስታውሱት ሲታመሙ ነው።

ከዚያ ኮምቦልቻ ለምትኖሪበት ቀበሌ ወደሚቀርበው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ካርድ አውጪ። ሳይብስብሽ፣ ደህና ሆነሽ ሳለ ሂጂ። የጤና ጣቢያ የካርድና የምርመራ ክፍያ ከግል ክሊኒክ ጋር ሲነጻጸር በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ያለ መድንም ይቻላል። እዚያ የምትጠይቂው አንድ ዋና ነገር አለ። «ፓፍ» ያልሽው የትኛው እንደሆነ አልገለጽሽም፤ ቀለሙን ሳይሆን ስሙን አንብቢ። ሳልቡታሞል የሚለው (ብዙ ሰው ቬንቶሊን የሚለው) ሲያፍንሽ የሚያስተነፍስ ነው። የመተንፈሻ ቱቦን ቁጣ የሚያበርደውና ሕመሙ እንዳይነሣ የሚከላከለው ግን እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ነው፤ ደህና በሆንሽበት ቀንም በየዕለቱ ይወሰዳል። ሳልቡታሞልን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የምትፈልጊ ከሆነ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ አስምሽ በቁጥጥር ሥር አይደለም፤ መከላከያውን የግድ ያስፈልግሻል። ሳልቡታሞልን ብቻ እየነፉ መክረም ዛሬ የማይመከር ሕክምና ነው፤ ለጊዜው ያስተነፍሳል እንጂ ቁጣውን አያቆምም።

አሁን ቁጥሩን እንሥራ፤ ገንዘብሽን የምታቅጂው በዚህ ነውና። ለምሳሌ ሐኪሙ መከላከያውን ጠዋት 2 ማታ 2 ፓፍ (እዚህ ላይ አንድ ፓፍ ማለት አንድ ጊዜ መንፋት ነው) አዘዘልሽ እንበል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 15 ድረስ 105 ቀን ነው፤ በቀን 4 ፓፍ ሲሆን 420 ፓፍ ይሆናል። አንዱ ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ 200 ፓፍ ይይዛል (ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ አረጋግጪ)። ሁለት ብትገዢ 400 ነውና የመጨረሻዎቹን አምስት ቀናት ያጎድልሻል፤ ስለዚህ ሦስት ነው የምትገዢው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ካልቻልሽ ሁለቱን አሁን፣ ሦስተኛውን በመጀመሪያው ደመወዝሽ ግዢ። ሳልቡታሞል ደግሞ አንድ አዲስና አንድ መጠባበቂያ ይበቃሻል። የማብቂያ ጊዜያቸውን ሳታዪ አትውጪ። መድኃኒቱ ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚጠፋበት ሳምንት ስላለ እስኪያልቅ አትጠብቂ፤ 50 ፓፍ ሲቀርሽ ሌላውን ፈልጊ።

ቆጣሪ የሌለው ፓፍ ሲነቀነቅ ድምፅ ስላለው ብቻ መድኃኒት አለው ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚገፋው ጋዝ ይቀራል፤ ስትጫኚው «ፍስ» ይላል፣ የሚወጣው ግን ባዶ ነው። የጀመርሽበትን ቀን በማርከር ቆርቆሮው ላይ ጻፊ፤ በቀን 4 ከሆነ በ50ኛው ቀን አልቋል፣ ጣይው። መከላከያውን ከወሰድሽ በኋላ አፍሽን በውኃ ተጉመጥምጠሽ ትፊ፤ አለዚያ ምላስሽ ላይ ነጭ ፈንገስ ያወጣብሻል።

ስፔሰር (ፓፉ ላይ የሚገጠም፣ መድኃኒቱን ወደ ሳምባ ለማድረስ የሚረዳ ቱቦ) መግዛት ካልቻልሽ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ጠርሙሱን በፈሳሽ ሳሙና እጠቢው፤ ውስጡን በጨርቅ ሳታሺ በራሱ ይድረቅ፣ ማሸት ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው እንዲስብ ያደርገዋል። ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሺና ፓፉን አስገቢበት፤ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀሽ ዝጊው። የጠርሙሱን አፍ በከንፈርሽ ይዘሽ አንድ ጊዜ ጫኚ፣ አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ ተንፍሺ። ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለት ፓፍ በአንድ ጊዜ መርጨት መድኃኒት ማባከን ነው። በዚህ መንገድ ሳምባሽ የሚደርሰው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ከሚቀረው እጅግ ይበልጣል፤ ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ሲብስብሽ ከመድኃኒት ቤት ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ያለ ማዘዣ ገዝተሽ አትዋጪ። ቶሎ ስለሚያሻልና ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይለምደዋል፤ ደጋግመው ሲወስዱት ግን ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ በድንገት ሲያቋርጡትም ሰውነትን ያዝለፈልፋል።

ወቅቱንም አስቢበት። ከደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት መውረድና መውጣት ብቻውን ደረትን ያነካካል። መስከረም ላይ ደመራ አለ፤ ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቦችሽ ጋ ውቂያና የገለባ ብናኝ ይመጣል። ሁሉም የሚውሉት መድን በሌለሽ ወራት ነው። ቤት ውስጥ እጣን ሲጤስ ከክፍሉ መውጣት ባለጌነት አይደለም፤ ለእናትሽ አስረጂያቸው።

ወደ አባትሽ ደብተር እንምጣ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስቱ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና የናንተው ተሁለደሬ ነበሩ። ስለዚህ የወረዳችሁ ጽሕፈት ቤት አሠራሩን የቆየበት ነው፤ ጥያቄሽ እንግዳ አይሆንበትም። አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ ባልና ሚስት ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻቸው ጋር በአንድ መዋጮ ይገባሉ። ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖር፣ ያላገባና የራሱ ገቢ የሌለው ልጅ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎለት ይካተታል። ስምሽ ደብተሩ ላይ የጠፋው 18 ሲሞላሽ ያንን ጭማሪ የከፈለልሽ ስላልነበረ ነው፤ በካምፓስ ስለምትታከሚ ማንም አላሰበበትም።

ዛሬ ግን መግባት ቀላል አይደለም። ምዝገባና ዕድሳት የሚካሄደው ገበሬው እህሉን ካስገባ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። አዲስ የገባ ሰው ከፍሎም ቢሆን አገልግሎት እስኪጀምር የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ይህ የተደረገው በክፋት አይደለም፤ ሰው ሁሉ የታመመ ቀን ብቻ እየመጣ ቢመዘገብ የመድኑ ቋት በአንድ ክረምት ይደርቃል። ቢሆንም አባትሽ ወይም አንቺ ለቀበሌው ሥራ አስኪያጅና ለወረዳው የመድን ክፍል ሁለት ጥያቄ አቅርቡ፦ በዓመቱ መካከል የቤተሰብ አባል መጨመር ይቻላል ወይ? ተጨማሪ መዋጮው ስንት ነው፣ ከተከፈለበት ቀን በስንት ቀኑ ይሠራል? መልሱ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በአደራ ለሰው የተሰጠ ብር ደብተር ላይ ሳይደርስ የዕድሳቱ ጊዜ ያልፍና ቤተሰቡ በሙሉ ዓመቱን ሳይታከም ይቀራል። በነባሩ አባልነት ላይ የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ዘንድሮ የአባትሽ ዕድሳት በጊዜው መከፈሉን አንቺ ተከታተይ።

ደብተሩ ላይ ብትገቢም ኮምቦልቻ ሆነሽ እንደልብሽ አትታከሚበትም። መድኑ የሚሠራው ወረዳው ውል በገባባቸው ተቋማት ነው፤ መንገዱም ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ከጤና ጣቢያ ወደ ሐይቅ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሲያስፈልግ በሪፈር ወረቀት ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ደሴ ነው። ሪፈሩን ዘልለሽ በቀጥታ ደሴ ብትገቢ ወጪው በሙሉ ወይም በከፊል ባንቺ ላይ ይወድቃል። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን የተለየ ነው፤ ያኔም መታወቂያ ደብተሩ በእጅሽ መሆን አለበት። መድኃኒቱ ከተቋሙ ሲጠፋ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ እንዲመታበት አድርጊ፤ ውል ያለው መድኃኒት ቤት ካለ የሚያስተናግድሽ በዚያ ወረቀት ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ደመወዝ ከጀመርሽ በኋላ ያለው ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን የተሠራው ለገበሬውና በከተማ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ነው። ደመወዝተኛው የሚሸፈነው በሌላ፣ ማኅበራዊ ጤና መድን በሚባለው ነው ተብሎ አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ፤ መዋጮውም ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ተባለ። ከአዋጅ እስከ ተግባር ግን ረጅም ዓመታት አልፈዋል፤ በመካከሉ የወደቀው እንዳንቺ ያለው አዲስ ተቀጣሪ ነው፦ ለገበሬው መድን ደመወዝተኛ፣ ለደመወዝተኛው መድን ገና ያልተመዘገበ። ይህ የሕግ ክፍተት እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ቢሆንም መዘዙን የምትሸከሚው አንቺ ስለሆንሽ ራስሽ አረጋግጪ። የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀትሽን ተመልከቺ። 7 በመቶ የተቆረጠው ጡረታ ነው (አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል)፤ የጤና መድን አይደለም። በጤና መድን ስም የተቆረጠ ነገር ከሌለ በዚያ መድን ውስጥ የለሽም። «ከደመወዜ ይቆረጣል፣ ስለዚህ እታከማለሁ» ብለው ሆስፒታል በር ላይ የሚደናገጡ ብዙ ናቸው።

የግል መድን ያልሽውን በአጭሩ ልመልስ። የመድን ኩባንያዎች የሕክምና ሽፋን የሚሸጡት በአብዛኛው ለድርጅቶች፣ በቡድን ነው፤ ለአንድ ሰው ቢገኝም ቀድሞ የነበረ ሕመምን የማግለል ልማድ አለ። ለአስምሽ ብለሽ ከገዛሽው አስምሽን ላይሸፍን ይችላል። ያንን ብር ለፓፎቹ አውዪው። ቅጽ ላይ ሕመምሽን መደበቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የታወቀ ዕለት ሽፋኑ በሙሉ ይሰረዛል።

ፋብሪካው «ሕክምና እንሸፍናለን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ውል ከመፈረምሽ በፊት ለሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ ጠይቂ። ከኢንሹራንስ ጋር የቡድን ውል ነው፣ ከአንድ ክሊኒክ ጋር ውል ነው፣ ወይስ በደረሰኝ የሚመለስ ነው? በዓመት ጣሪያው ስንት ነው? ነባር ሕመምን ያካትታል? በየወሩ የሚወሰድ መድኃኒትን ይከፍላል ወይስ ምርመራን ብቻ? የሙከራ ጊዜው ባለቀ ማግሥት በራሱ ይጀምራል ወይስ ደብዳቤ ይፈልጋል? የመጨረሻው ትንሽ ቢመስልም፣ ስሙ ሳይላክ ስድስት ወር የሚቆይ ሠራተኛ ብዙ ነው። በደረሰኝ የሚመለስ ከሆነ ስምሽ ያለበት የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ከማዘዣው ቅጂ ጋር ያስፈልጋል።

የሙከራ ጊዜው ለታማሚ ሰው አስቸጋሪ የሚሆነው በሌላ ምክንያትም ነው። የሕመም ፈቃድ በአዋጁ የሚጀምረው ሙከራውን ከጨረሱ በኋላ ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። በሙከራ ላይ እያለሽ ግን አሠሪው ለሥራው አትመጥንም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ይችላል። በኅዳር አንድ ሳምንት ተኝተሽ ብትቀሪ የምታጪው የሕክምና ወጪውን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ሊሆን ይችላል። መከላከያውን አሁን፣ ሥራው ሳይጀመር ጀምሪ የምለው ለዚህ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው ሳምንታት ከወሰዱት በኋላ ነውና ጥቅምት 3 ላይ መጀመር አይጠቅምሽም።

ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የሚጠብቅሽ አንድ መብት ግን አለ፤ የሥራ ላይ ጉዳት። በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታም በዚህ ውስጥ ይገባል፤ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው፣ በሙከራ ጊዜም ቢሆን። ጨርቃ ጨርቅ ስለተማርሽ የጥጥ ብናኝ የት እንደሚበዛ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፦ ጥጥ መፍቻው፣ ካርዲንጉ (ጥጥ ማበጠሪያው)፣ ክር መፍተያው። ስፌቱ ክፍል ይሻላል። ምደባ ከመደረጉ በፊት የሐኪም ማስረጃሽን ይዘሽ ከብናኝ የራቀ ቦታ ጠይቂ። ከጀመርሽ በኋላም የሕመሙን ቀን መዝግቢ፤ እሑድ አርፈሽ ሰኞ ከሰዓት የሚብስ፣ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ የሚቀል የደረት መጨናነቅ የጥጥ ብናኝ ዋና ምልክት ነው። ያንን መዝገብ ያየ ሐኪም ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ሊጽፍልሽ ይችላል፤ ያለ መዝገብ ግን «ድሮም አስም ነበረብሽ» ይባልና ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ያለ መድንም ቢሆን በነጻ የምታገኚያቸው አገልግሎቶች እንዳሉ አትርሺ፤ የቲቢ ምርመራና ሕክምና፣ የኤችአይቪ ምርመራና መድኃኒት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና በጤና ጣቢያ መውለድ ክፍያ የለባቸውም። ሳልሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ «አስሜ ነው» ብለሽ አትለፊው፤ አክታሽን በነጻ አስመርምሪ። ቅሬያችሁ (እድራችሁ) ደግሞ ለቀብር እንጂ ለሕክምና የተቋቋመ አይደለም፤ አንዳንዱ ቅሬ ግን ለታመመ አባል ያበድራል፣ አባትሽ ደንቡን ይጠይቁ።

ሌሊት ቢብስብሽስ? ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተሽ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ ወይም የነፋሽው ሳልቡታሞል አራት ሰዓት ሳይቆይ ከለቀቀሽ ነገ አትበዪ። በሃይላንዱ 4 ፓፍ አንድ በአንድ ውሰጂ፣ በየ20 ደቂቃው ድገሚ፣ እየወሰድሽም ወደ ሆስፒታል ተጓዢ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። በድንገተኛ ክፍል ገንዘብ አስቀድሚ ተብለሽ መመለስ የለብሽም፤ ሒሳቡ ከሕክምናው በኋላ ይመጣል። አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ፓፉ የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚነፋ ዛሬ ማታ አሳዪያት፤ የካምፓሱ የሕክምና ማጠቃለያ ቅጂም ከፓፉ ጋር በአንድ ፌስታል ውስጥ ይቀመጥ።